የሃያ ሦስት ቀሚስ ዕዳ

ነሐሴ ነው። ጦሳ ጉሙን ደርቦ ወርዷል እስከ አራዳ፣
እኔም ቁልቁል እወርዳለሁ፣ በብብቴ የሰው ዕዳ።

ገንዘብ ያዥ ነኝ።
የመዘምራን ገንዘብ ያዥ፣ የሣጥን ቁልፍ አንጠልጣይ፣
ቅዳሜ ማታ ሳንቲም ቆጣሪ፣ እሑድ ጠዋት «አቤት አዶናይ!»

ሃያ ሦስት ቀሚስ ነበር፣ ነጭ፣ ጠርዙ ሰማያዊ የሆነው፣
ጋሽ ይመር የሰፋልን፣ «ለትንሣኤ ድረስልን» ያልነው።
እሱም ጾም ላይ ነበር ያኔ፤ የራሱን ጾም፣ ረመዳኑን፣
መብራት ሲጠፋ በሻማ ሲገጣጥም ክንድና ጫፉን።

ግማሽ ከፍለን ግማሽ ቀረ።
«ለሳምንት» ብዬ ጨበጥኩት፣ ያን መርፌ የለመደ እጅ፤
ሳምንቱ ወር ወለደ፣ ወሩም ክረምትን እንደ ልጅ።

ገንዘቡስ? አልተበላም። ገንዘቡ ሞንታርቦ ሆነ፣
ሁለት ጥቁር ግዙፍ ሣጥን፤ ድምፃችን በሱ ገነነ፣
ከደብሩ ጓሮ ተነሥቶ እስከ ቧንቧ ውሃ ሰፈር
«እንዋደድ» የሚል ዜማ በየቆርቆሮው ላይ የሚሰፍር።

በዚያው ማይክ እኔም አንድ ቀን ስለ ፍቅር አስተማርኩ፣
ስለ ድሃው፣ ስለ ደመወዙ፣ እንባ እስኪተናነቀኝ ተናገርኩ።
አንዲት እናት አለቀሱ። እኔም በቀሚሴ እጅጌ
ላቤን ስጠርግ ከግንባሬ፣ እንዲያው ሳላስብ፣ እንደ ወጌ፣
ጠርዙ ፊቴን ኮሰኮሰኝ። ያልተከፈለበት ክር።
መቼም ክር አፍ የለው፣ ሸንጎ ቆሞ አይመሰክር።
ስፌቱ ግን ልክ ነበር፤ አንዲት ነጥብ አልዘለለም።
የኔ ቃል ነው የተተረተረ፤ የያዘው ቋጠሮ የለም።

ስብሰባ ጠራሁ። «አባላት፣ የልብስ ሰፊው ሒሳብ…»
«ይቆይ» አለች ወይንሸት፣ «መጀመሪያ ለኪቦርዱ እናስብ።»
«መች ጠየቀን ሰውየው?» አለ ሊቀ መንበሩ ፈጠን ብሎ፣
«ደግ ሰው ነው፣ እግዜር ይስጠው።» ተዘጋ በጸሎት ተጠቅልሎ።

እግዜር ይስጠው!
ስንቱን ዕዳ በዚህች ቃል ከደጃችን አሻግረናል፣
በእጃችን ያለውን ሥራ ስንቴ ወደ ሰማይ ልከናል!

ይኸው ወረድኩ ብቻዬን፣ ከደሞዜ ላይ ነጥዬ፣
ሙሉውን አይደለም፣ ሲሶውን፣ በላስቲክ ጠቅልዬ።
መንገዱን ሁሉ ቃል ስመርጥ፣ ስደረድር ነበር፦
«ጋሽ ይመር፣ እንደምታውቀው… ኑሮው… የክረምቱ ነገር…»

ሱቁ ስደርስ ቀና አለ። መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቀለ።
«ያቺ ቀጭኗ ልጅ፣» አለኝ፣ «ብብቷ ላይ አልጠበቀም?» አለ።
(ወይንሸትን ማለቱ ነው።)
«ስትዘምሩ እጅ ታነሣላችሁ። ያንን አስቤ ሁለት ጣት
ለቀቅ አድርጌው ነበር፤ ግን ልቤ አላረፈም ከዚያች ሰዓት።
አምጣውና አስተካክላለሁ። ለሱ አላስከፍልም።»

የደረደርኩት ቃል ሁሉ ከጫማዬ ጭቃ ጋር ቀረ።
ገንዘቡን ጠረጴዛው ላይ አኖርኩት። ዝም ብሎ ቆጠረ፣
እርሳሱን በምላሱ ነክቶ ደብተሩ ላይ አሰፈረ።
«ቀሪውን በጥቅምት…» ልል አፌን ስከፍት ቆም አልኩኝ፤
ስንት ቀን በአፌ ከፍዬ ስንት ቀን በእጄ ቀረሁኝ!

ይሄኔ መብራቱ ጠፋ። ደሴ ሲዘንብ ልማዷ ነው።
ከላይ ከደብሩ በኩል «እንዋደድ» ይል የነበረው
ሞንታርቦ፣ ግማሽ ቃል ላይ፣ ተቆርጦ ዝም አለ።
የጋሽ ይመር የእግር መኪና ትክ ትክ እያለ ቀጠለ።

«ዩኒፎርም ነው፣ ለመስከረም» ብሎ ሻማ አቀበለኝ፤
ጎንበስ ብዬ አበራሁለት፣ ሰሙ ጣቴን አቃጠለኝ።
ምንም አልሰበክኩም።
መርፌው ዙሩን እስኪጨርስ ያዝኩለት።

ሲሶውን ከፍያለሁ። ሁለት እጅ ይቀረኛል።
ነገ የወይንሸትን ቀሚስ ይዤ እመለሳለሁ።
እሑድ ማይኩ ሲሰጠኝ ግን ምን እንደምል ጨንቆኛል።